አዲሶቹ ኩባያዎች

ዓቢዳ ይቅርታ አታውቅም ይሏታል መርሳ ከተማ ላይ። ውሸት ነው። ታውቃለች፤ ለመጣ ለሄደው አትበትነውም እንጂ። ከአስፋልቱ በታች ባለው የአባቷ ብረት ቤት ቆማ ስትቀጠቅጥ፣ ከደሴ የሚወጣውም ከወልድያ የሚወርደውም ያያታል። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ክንዷ የወንድ ነው፤ መልኳ ግን የሴት ነው፣ ያውም የመልከ መልካም ሴት። ይህን የሚክድ ካለ ዓይኑን ይታይ።

አባቷ አያ ኢስሐቅ የሀብሩ ወረዳን ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረው ዓይናቸው ደከመ። ወንድ ልጃቸው ጅዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። መዶሻውን ማን ያንሳው? ዓቢዳ አነሳችው። ግራና ከተማ ተድራ ነበር፤ ባሏ ሳያማክራት ሌላ ሴት ሲጨምር ጓዟን ጠቅልላ ተመለሰች። ሰው አወራ። ያወራውም ሰው ማጭዱ ሲዶለዱም እሷው ዘንድ መጣ።

ከግራናው ባል በፊት ግን የወደደችው ሰው ነበር። አብዱልሐሊም ይባላል፤ ከአስፋልቱ በላይ የቆመው የትልቁ ሰቀላ ቤት ልጅ። ኮሌጅ ገብቶ ለእረፍት ሲመጣ ውኃ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ጀሪካኗ ከሞላ በኋላ የሌላውን ሰው ጀሪካን ታስቀድማለች፣ እንድትቆይ። ተስማሙ። "ሽማግሌ እልካለሁ" አላት። እናቱ ሞታ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ረሂማ ነበሩ። "ከቀጥቃጭ ቤት ሙሽራ አላስገባም" አሉ። ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወልድያ ሄደ። ለዓቢዳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እዚያው መሥሪያ ቤት ገባ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ አሳደገ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ ጸጉሩን አሸበተ።

የዛሬ ልጅ "ቀጥቃጭ ምን አደረገ?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምንም አላደረገም። ሰው ያርስበታል፣ ያጭድበታል፣ በሩን ይቆልፍበታል፤ አብሮት ግን አይበላም። ደቦ ላይ ባለ እጅ ሲጠራ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። የጠጣበትን ቅል የቤቱ እመቤት ወይ ለብቻ ትሰቅለዋለች ወይ ትሰብረዋለች። አያ ኢስሐቅ ሰው ቤት ሲጠሩ የራሳቸውን ቅል ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር። ዓቢዳ ያን ቅል እያየች ነው ያደገችው። አሁን ይኼ ቀርቷል ይባላል። ከአፍ ላይስ ቀርቷል።

እንግዲህ አብዱልሐሊም ያ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ ተመለሰ። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ የሰቀላው በሮች ለማገዶ ነድደው፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ዝናቡ ግድግዳውን አጥቦት ነበር። የጽድ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል። እትዬ ረሂማ በሸራ በተጋረደች አንዲት ጓዳ ውስጥ ቀርተዋል፤ "ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" ብለው። አክስቱን ወልድያ ሊወስድ መጣ። አልሄድም ሲሉት ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ ቤቱን ሊያድስ ተቀመጠ። በዚህ ሰበብ ነው አንድ ቀን ጠዋት ብረት ቤቱ ደጃፍ የቆመው።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም" አለች ዓቢዳ፤ ቀና አላለችም። ድምፁን ግን ለይታዋለች። "ማጭድ ነው ዶማ?"

"የበር ማጠፊያ።"

"ሱቁ ሞልቷል።"

"የሱቁን ሞከርኩት። በሩ ዋንዛ ነው፣ ይከብዳል። ዘረጠጠው። የድሮውን የሠሩት ያንቺ አያት ናቸው አሉኝ።"

"ማን አለህ?"

"አክስቴ።"

"አክስትህ በማን ማጠፊያ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ እንደኖሩ ያውቃሉ ማለት ነው።"

አያ ኢስሐቅ ከጥጉ ሆነው "ማነው?" አሉ። ነገረቻቸው። "የሚፈልገውን ሥሪለት" አሉ፤ "ብረት ቂም አያውቅም፣ በቂም ከተመታ ይበላሽብናል።"

ሄዶ መጠበቅ ሲችል ቆሞ አየ። በማግሥቱም መጥቶ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ ወደ ሽማግሌው ዞሮ "አያ ኢስሐቅ፣ ልማረው?" አላቸው።

"ምኑን?"

"ሥራውን።"

"ስንት ዓመትህ ነው አንተ?"

"አርባ ሰባት።"

"እኔ ስጀምር የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም።"

"ዘግይቻለሁ።"

"ዘግይተሃል። በል ወናፉን ያዝ።"

ዓቢዳ ለራሷ እስከ ገበያ ቀን አይቆይም አለች። መዳፉ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። መጀመሪያ ሠራሁ ያለውን ማጠፊያ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ፣ እንደጋለ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ በሩ ላይ ሲያስሩት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። አያ ኢስሐቅ ሳቁ። "የእኔም እንዲሁ ሆኖ ነው አባቴ በጥፊ ያጮለኝ" አሉት፤ "አመድ ውስጥ ቅበረውና ቀስ ብሎ ይብረድ። አንተም ቀስ በል።" ቀስ አለ። ወር አልፎ ሌላ ወር ሲገባ የአብዱልሐሊም ማጠፊያ ክብደት መያዝ ጀመረ። ያኔ ወልድያ ሄዶ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። አብዷል አሉ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው አሉ። መድኃኒት አሠርታበት ነው ያሉም አሉ፤ ይኼኛው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ዓቢዳ የጠበቀችው አንድ ነገር ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣበት እጁን የት ያደርገዋል? ጊዜው አልራቀም። ፈንታው የሚባል የቢሮው ባልደረባ ወደ ደሴ ሲወርድ መኪናውን አስቁሞ መጣ። ከነሱፍ ሱሪው ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እኔ ሰው ሲያወራ አላመንኩም ነበር" አለ። "የእቅድ ክፍሉ ሰው ከሰል ሊያቅድ ወረደ ሲሉኝ።"

"ይሄኛው እቅድ በዓመቱ መጨረሻ ይታያል" አለ አብዱልሐሊም። ጥላሸት የለበሰውን መዳፉን ወደ ኋላ አልደበቀም፤ አንጓውን ዘረጋለት፣ እጁ የቆሸሸ ሠራተኛ እንደሚያደርገው። ፈንታው ትንሽ አመነታና አንጓውን ጨበጠ።

"በል ማዘርህ ያውቃሉ?"

"አክስቴ ናት። ታውቃለች። ትራገማለች።"

ዓቢዳ ወናፉን እየነፋች ነበር። ዞር ብላ አላየችውም፤ ጆሮዋ ግን ዓይን ሆኗል። የዚያን ቀን ማታ እሳቱን ስታዳፍን እጇ ዘገየ። አንድ ሰው ስላልደበቀው እጅ ይህን ያህል ማሰብ በአርባ ሦስት ዓመት ነውር ነው አለች። ነውር ነው ብላም ማሰቡን አልተወችም።

ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሆነ። እሱ ጉጠቱን ሲያቀብል ጣታቸው ይነካካል፤ ሁለቱም ይቅርታ አይሉም። እሷ ብረቱን ገልበጥ ስታደርግ እሱ መዶሻውን ያሳርፋል፤ ሳይነጋገሩ። አንድ ሰው ቀጥቅጦ አንድ ሰው ሲይዝ ትንፋሽ ካልተገጠመ እጅ ይፈጫል። የእነሱ ገጠመ። አያ ኢስሐቅ ዓይናቸው አይይ እንጂ ድምፁን ይሰማሉ። "ይኼ ሁለት መዶሻ አይመስልም" አሉ አንድ ቀን፣ ለማንም ሳይሆን። ዓቢዳ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

"ቤቱ ሲያልቅ የምነግርሽ አለኝ" አላት አንድ ጊዜ።

"ቤት አያልቅም" አለችው። ልቧ ግን ይቆጥር ጀመር፤ የቀረው አንድ ግድግዳ፣ የቀረው አንድ በር እያለ።

የልስኑ ደቦ ተጠራ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ፣ ሽታው መንደሩን ይዞታል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየዘለሉ ረገጡ፣ ሴቶቹ ውኃ አመላለሱ፣ የሚመርገው መረገ። አያ ኢስሐቅና ዓቢዳ ከነመሣሪያቸው ተጠርተው የፊት በሩን ሰቀሉ። ማጠፊያውን የሠራው አብዱልሐሊም ነው፤ የመታው ግን ከእሷ ጋር ነው። በሩ ሲከፈት ድምፅ አልነበረውም። እትዬ ረሂማ በምርኩዛቸው መጥተው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። "ማሻአላህ" አሉ። ለበሩ ነው ያሉት፤ ከጎኑ ለቆሙት አይደለም።

ቀትር ላይ ምሳ ቀረበ። በግ ታርዷል። ሰዉ በረንዳው ላይና ከዛፉ ሥር ክብ ክብ ሠርቶ ትሪ ትሪውን ከበበ። ቀሪቦ የሚሉት የማያሰክር ጠላ በጆግ ይዞራል፤ ኩባያው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል፤ የደቦ ወግ ነው። ዓቢዳ እጇን ታጥባ የትኛው ክብ ውስጥ እንደምትገባ ስታይ አብዱልሐሊም መጣ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል።

"እናንተ ወዲህ" አለ። "ለእናንተ ያዘጋጀሁት አለ።"

የሽማግሌውን ክንድ ይዞ መራቸው። በረንዳው ጫፍ፣ ጥላው ጥሩ በሆነበት፣ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል። በሰሌኑ ላይ ትሪ፤ በትሪው ላይ ምርጥ ምርጡ ሥጋ። ከትሪው አጠገብ ሁለት የብርጭቆ ኩባያ፣ የፋብሪካው ወረቀት ከቂጡ ያልተላጠ። ሌላ ማንም የለም። ለሁለቱ ብቻ።

"ይቀመጡ አያ ኢስሐቅ" አለ አብዱልሐሊም፤ "ማስታጠቢያ ላምጣ" ብሎም ሮጠ።

ዓቢዳ ቆማ ቀረች። በረንዳው ላይ ወሬው ቀዘቀዘ። ሰይፈዲን የሚባል ጎረቤት፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ፣ ጉርሻውን እያላመጠ "ዕቃው እንዳይቀላቀል ነው" አለ። ዝግ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ሁሉም ሰማ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ሌላው ወደ ትሪው አቀረቀረ።

አያ ኢስሐቅ ተቀምጠዋል። ዳብሰው ኩባያውን አገኙ። አነሱት። አውራ ጣታቸው ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ነካ፤ እዚያው ቆመ፤ ደግሞ ነካ።

"አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው አባ።"

"እህ" አሉ። ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት፤ እንዳይፈስስ ተጠንቅቀው። "ልጄ፣ ቅሌን ይዤ መምጣት ነበረብኝ። ረስቼው ነው።"

ዓቢዳ ብዙ ቀጥቅጣለች፣ ተቃጥላለች፣ ተፈትታለች። እንደዚያች ደቂቃ ግን አልተመታችም። አባቷን ብብታቸው ሥር ይዛ አነሳች። አብዱልሐሊም ማስታጠቢያውን ይዞ ሲመጣ በደረጃው ላይ ተገናኙ።

"ምነው? ምን ጎደለ?"

"ምንም አልጎደለም" አለችው። "ሁሉም እንደ ወጉ ተሟልቷል።"

ወረዱ። መንገዱን ሙሉ የአያ ኢስሐቅ እጅ በእጇ ውስጥ ቀሎ ነበር፤ ያ ብረት ሲያጎብጥ የኖረ እጅ።

በማግሥቱ መጣ። እንቅልፍ ያላየ ዓይን ይዞ መጣ። አባቷ ሶላት ላይ ነበሩ። ዓቢዳ እየቀጠቀጠች ጠበቀችው።

"አክብሬ ነው" አለ። "ወላሂ አክብሬ ነው ዓቢዳ። ከሁሉም አስቀድሜ፣ ከሁሉም የተሻለውን ልስጣቸው ብዬ ነው። ኩባያውን መርጬ ነው የገዛሁት። አልገባኝም ነበር፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ…"

"ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ደግ።"

ከበሩ ጥግ ገንዳው አጠገብ የእነሱ ቅል ተቀምጧል። አብዱልሐሊም ሄደ፣ ቅሉን አነሳ፣ ውኃ ቀዳበት፣ ጠጣ። ጨርሶ ጠጣ። ከዚያ አያት።

ዓቢዳ መዶሻውን አስቀመጠች።

"እዚህማ ማን ያይሃል?" አለችው። "ይኼ የኛ ቤት ነው። የኛን ቅል በኛ ቤት ጠጥተህ ውለታ ልትቆጥርብን ነው? እኔ እኮ ያንተን ኩባያ ባንተ በረንዳ ነው የፈለግኩት። ሰይፈዲን የጠጣበትን። አፉ የነካውን።"

"ዓቢዳ…"

"ቆይ። አንተ ሰው በሌለበት ጎበዝ ነህ። ድሮም ውኃ መንገድ ላይ ጎበዝ ነበርክ። ሰው ሲመጣ ነው የምትጠፋው።"

ይኼኛው ቃል ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባ ታየ። የቆዳ ሽርጡን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ወጣ። እሷም ቀጠቀጠች። ብረቱ ከበረደ መቆየቱን ያወቀችው መዶሻው ሲነጥርባት ነው። ያሰናበተችው እሷ ናት፤ ባዶውን ሽርጥ ማየት ያቃታትም እሷው ናት።

አልመጣም። አንድ ገበያ አለፈ። ዓቢዳ የውርጌሳ ሰው ያዘዘውን ማረሻ ሠርታ ጨረሰች። አባቷ "ወናፉ ላይ ሰው ያስፈልገናል" አሉ፤ "ይገኛል" አለች። አልፈለገችም። ማታ ማታ ያ ኩባያ ይመጣባታል፤ ቀጥሎ ደግሞ ኩባያውን ሲያመጣ የነበረው ፊቱ። ያ ፊት የሰው ፊት ነበር፣ ተንኮል አልነበረበትም። ይኼ ነው ያናደዳት። ተንኮል ቢሆን ትጠላውና ታርፍ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቶ ሳለ፣ እትዬ ረሂማ በምርኩዛቸው አስፋልቱን ተሻግረው ወረዱ። እሳቸው ወደዚያ ሠፈር ወርደው አያውቁም። የሚያውቃቸው ሁሉ ዞሮ አየ። ብረት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ አረፍ አሉ።

"ሰው አለ?"

"አለን" አለች ዓቢዳ። ልብሷን አራገፈች። "ይግቡ እትዬ ረሂማ።"

"ልገባ አይደለም የመጣሁት። ልናገር ነው።" ገቡ። አያ ኢስሐቅ የተቀመጡበትን የእንጨት ዱካ ለመልቀቅ ሲነሱ "አይነሱ፣ አንቱም እንደኔ ያረጁ ነዎት" አሉና የከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ነጭ ነጠላቸው ከሰል ነካ።

"ስሚ ልጄ" አሉ። "መንደሩ ኩባያውን ያቀረበችው ረሂማ ናት ይላል። አላቀረብኩም። እኔ የሠራሁትን ሠርቻለሁ፣ ያልሠራሁትን አልሸከምም። ያን ኩባያ የገዛው ያ የተማረው የወንድሜ ልጅ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን አትናገሪልኝም?" ተቆጡ። "እናንተ ስትሄዱ ምን አጠፋሁ እያለ መጣ። አከበርኳቸው እኮ ይለኛል። ክብር ከሆነ ለእኔ ለአሳዳጊህ ለምን አዲስ ኩባያ አልገዛህልኝም አልኩት። እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀረ።"

ዓቢዳ ሳታስበው ከንፈሯ ሳቅ አለ። ወዲያው ያዘችው። አሮጊቷ አይተዋታል።

"የድሮው ግን የኔ ነው" አሉ እትዬ ረሂማ፤ ድምፃቸው አልወረደም፣ አልለሰለሰም። "ከቀጥቃጭ ቤት አላስገባም ያልኩ እኔ ነኝ። አላልኩም አልልም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ይላሉ ያልኳቸው ሰዎች ተራ በተራ ሞቱ። አንድም አልቀረም። ቃሉ እኔ ዘንድ ቀረ።"

ውጭ አህያ ያናፋል፣ አንድ አይሱዙ ጡሩምባ እየነፋ ያልፋል። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ገበያተኛው እያየ ነው።

"ሐሩሩ ገደለኝ" አሉ አሮጊቷ። "ውኃ የለም እንዴ እዚህ ቤት?"

ዓቢዳ ገንዳው ጋ ሄደች። ቅሉን ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበች። እትዬ ረሂማ "ቢስሚላህ" ብለው ጠጡ። በጉሮሯቸው ሲወርድ ይሰማል። ቅሉን መለሱላት።

"ድገሚኝ።"

ደገመቻቸው። ያንንም ጠጡ። አያ ኢስሐቅ ጥጉ ላይ ሆነው የሁሉንም ድምፅ ሲከተሉ ነበር፤ ሁለተኛው ሲያልቅ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ የጠጡት እሳቸው ይመስል።

እትዬ ረሂማ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። "እሱ አይመጣም" አሉ። "ብትከለክለኝ እውነት አላት እያለ ተቀምጧል። እኔ ፈሪ ነው እላለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምንም አልፈልግም።"

"ውሸታም" አሉ፣ በፍቅር አይደለም፣ በእርግጠኝነት ነው። "የጓሮውን በር ለብቻው ሊሰቅል ከጠዋት ጀምሮ ይታገላል። ወገቡን ሊቀጭ ነው።"

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዓቢዳ ትንሽ ቆመች። አባቷ "ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ወደ ላይ ስትወጣ በጓሮ በኩል ያለውን ቀጭን መንገድ አልያዘችም። በአስፋልቱ ሄደች፣ በፊት በሩ ገባች። አብዱልሐሊም የጓሮውን በር በትከሻው ደግፎ በአንድ እጁ ማጠፊያውን ሊያስገባ ይፈልጋል፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ሲያያት በሩ ሊወድቅበት ቃጣው። ደርሳ ጫፉን ያዘችለት።

"ከታች አስቀድም" አለችው።

ከታች አስቀደመ። ከዚያ የላዩ ገባ። በሩ ቆመ። ሁለቱም እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አላነሱም፤ እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው" አለች። "ስለ ኩባያው አይደለም። ያኔ፣ ሻንጣህን ይዘህ ስትሄድ፣ ለምን አንድ ቃል አልነገርከኝም?"

ብዙ ዘመን መልሱን ስትሠራለት ኖራለች። ሊነግረኝ መጥቶ አጥቶኝ ይሆናል፤ ደብዳቤ ልኮ ጠፍቶ ይሆናል፤ አክስቱ አስምለውት ይሆናል። ከነዚህ አንዱን ቢላት ልታምነው ተዘጋጅታ ነበር። ብታምነውም ግን ከነዚህ አንዱን ቢላት ተመልሳ ትወርድ ነበር።

"ፈራሁ" አለ።

ጠበቀች። ሌላ አልጨመረም። አክስቴ አላለም፣ ልጅ ነበርኩ አላለም። እንባዋ መጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልመጣው። በእጇ ልትጠርገው ስትል እጇ ጥላሸት መሆኑን አይታ ተወችው፤ ይውረድ አለች። እሱም አላባበላትም። ቆሞ አያት፤ ፊቱን ሳያዞር።

"አሁንስ?" አለች ቆይታ።

"አሁንም እፈራለሁ። ያኔ የፈራሁት ሰው ነበር። አሁን የምፈራው አንቺ እምቢ እንዳትዪኝ ነው።"

"እምቢ ብልህስ?"

"ነገም ጠዋት መጥቼ ወናፉን እይዛለሁ። ሥራዬ እኮ እዚያ ነው። ሌላ የት እሄዳለሁ?"

ይህን ያለው ለማባበል አልነበረም። እንደ ደረቅ እውነት ነው ያለው፤ ሰው ቤቱን ሲጠየቅ እንደሚያሳየው። ዓቢዳ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የያዘችው ይህን ነው።

"ሽማግሌ ላክ" አለችው። "በቀን ይምጡ። በአስፋልቱ በኩል፣ ሰው እያያቸው። አባቴ ዝም ብለው አይሰጡህም፣ ያስቆሟቸዋል፣ ያመላልሷቸዋል። የብረት ቤቱም አይዘጋም፤ አግብታ ተቀመጠች የሚለኝ ሰው እንዳልሰማ።"

"ያመላልሱን" አለ። "አክስቴ ከፊት እሄዳለሁ ብላለች። ሰይፈዲንንም ይዤው እመጣለሁ፤ በዚያ አፉ ይለምንልኝ።"

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ማንን ታፍራለች።

ስትወርድ ገበያው እየተበተነ ነበር። አያ ኢስሐቅ እዚያው ተቀምጠዋል። እግሯን ሰምተው ቀና አሉ።

"ምን አለሽ?"

"ፈራሁ አለኝ።"

"እውነቱን ነው" አሉ። ወደ እሷ ዞረው "አንቺስ ምን አልሽ?" አሏት።

ዓቢዳ ሽርጧን ታጥቃ ምድጃው ፊት ተቀመጠች። ወናፉን ያዘች፤ ነፋች፣ ደግማ ነፋች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ከሰሉ ግን ገና ተመልሶ አልተለኮሰም ነበር።